የመጠጥ ቤቶች ታሪክና የአባለ ዘር በሽታ በአገራችን

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ነገር በአደባባይ ሲነሣ ለጆሮ የሚከብድ፣ በቤት ውስጥም በሹክሹክታ ካልሆነ በቀር የማይወራ ነው። ይኸውም ስለ መጠጥ ቤቶቻችን፣ በዚያም ስለሚገናኙ ወንዶችና ሴቶች፣ ከመገናኘታቸውም የተነሣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ስለ ኖረው በሽታ ነው። የነገሥታቱንና የጦር ሜዳውን ታሪክ ከዚህ በፊት በዚሁ ሰዓት ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል፤ የጠላ ቤቱን ታሪክ ግን የነገራችሁ የለም። የምጠራው ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁ ሲሆን እገልጻለሁ።

ጠጅ ቤት የሚለው ቃል ዛሬ የሚሰጠን ትርጉም ድሮ አልነበረውም። በቀድሞው ዘመን ጠጅ ቤት ማለት፣ እንደ እንጀራ ቤትና እንደ ወጥ ቤት ሁሉ፣ በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ግቢ የሚገኝ የሥራ ክፍል ነበረ። ማሩ በግብር ይገባል፤ ጠጅ መጣልም የጌታ ቤት ክብር ስለ ነበረ፣ ባላገሩ በቤቱ የሚጠምቀው ጠላውን ነው፤ ጠጅ የሚቀምሰው ግብር በገባ ቀን ነው። ጠማቂዎቹም ጣዮቹም ሴቶች ነበሩ። ጦር ሲዘምት ስንቅ የሚያዘጋጁት፣ ወጥ የሚሠሩት፣ እንሥራውን በጀርባቸው አዝለው ከሠራዊቱ ኋላ የሚጓዙት እነርሱ ናቸው፤ ወደ ዐድዋ የሄደውም ጦር ያለ እነርሱ አልሄደም። እንግዲህ ወታደርና መጠጥ የምታቀርብ ሴት በአንድ ሰፈር ማደር የጀመሩት ከተማ ከመቆርቆሩ በፊት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ግን የነገሩ መልክ ተለወጠ። ጠጅ ከግቢው ወጥቶ ገበያ ገባ። ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ ባለ ጉዳዩ፣ ቀን ሠራተኛው ከየአገሩ ወደ አዲሲቱ ከተማ ሲጎርፍ፣ አብዛኛው ሚስቱን በአገሩ የተወ ወይም ገና ያላገባ ነበረ። ሴቶቹም መጡ። በልጅነቷ ተድራ ከባሏ ቤት የጠፋች፣ የተፈታች፣ ባሏ የሞተባት፣ ከእመቤቷ ቤት የወጣች፤ እነዚህ ሁሉ ፊደል አልቆጠሩም፣ መሬት የላቸውም፣ እጃቸው የሚያውቀው ሙያ ግን አለ፤ ጠላ መጥመቅ፣ ጠጅ መጣል፣ አረቄ ማውጣት። አንዲት ሴት አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ፣ ጌሾና ብቅል ገዝታ፣ ጣሳ በእንጨት ጫፍ ደፍታ ከደጇ ስታቆም ነጋዴ ሆነች ማለት ነው። ያ የተደፋ ጣሳ ዛሬም በየመንደሩ ይታያል፤ ማስታወቂያ ጽሑፍ የማያስፈልገው ማስታወቂያ ነው።

ኮማሪት የተባለችው ይህች ሴት ናት። አንዳንድ ሰው ኮማሪትንና ሴተኛ አዳሪን አንድ አድርጎ ይናገራል፤ ይህ ስሕተት ነው። ብዙዎቹ በጠላቸው ብቻ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ነገር ግን ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መደቡና አልጋው የሚለዩት በመጋረጃ ነው፤ የጠላው ትርፍ ሳንቲም ነው፤ የቤት ኪራይ ደግሞ ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ጠጥቶ የመሸበት እንግዳ ሲለምንና ገንዘብ ሲጨምር፣ መጋረጃው እንዴት እንደሚገለጥ ለማስረዳት ብዙ መናገር አያስፈልገኝም።

በሽታውም አብሮ ነበረ። ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ እያልን በአማርኛችን ለይተን ስም ያወጣንላቸው፣ ስለምናውቃቸው ነው። በፈረንጆች 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤት የከፈተው ጆርጂያዊው ሐኪም ሜራብ፣ ስለ አገራችን በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ ውስጥ ቂጥኝ በከተማይቱ እጅግ የተስፋፋ መሆኑን መስክሯል። የውጭ አገር ሰዎች ያን ጊዜ የጻፉት ሁሉ እንዳለ የሚታመን አይደለም፤ የደም ምርመራ ሳይኖር ቁስል ያዩበትን ሁሉ ቂጥኝ የሚሉ ነበሩ። ቢሆንም ሕመሙ ብዙ እንደ ነበረ አያጠራጥርም። በሽተኛው ፍል ውሃ ወርዶ ይታጠባል፣ ፀበል ይጠመቃል፣ ከሐኪም ቤት የሜርኩሪ መድኃኒት ይሰጠዋል። ሳልቫርሳን የተባለው መርፌ በአውሮፓ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ቂጥኝን በእርግጥ የሚያድነው ፔኒሲሊን መሆኑ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ሕፃን ከማኅፀን ታሞ ተወልዶ እንደ ቀረ የቈጠረው የለም።

ከዚያ በኋላ መንገድ መጣ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በየጣቢያው ሻይ ቤት፣ ማደሪያ ቤት፣ መጠጥ ቤት ተሠራ። የበለጠውን ለውጥ ያመጣው ግን ጠላት ነው። ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን በነበረባቸው ዓመታት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወታደርና የመንገድ ሠራተኛ፣ ካሚዮን ነጂና መካኒክ፣ ሚስትና ልጅ የሌለው ወንድ፣ በአንድ ጊዜ በአገራችን ላይ ፈሰሰ። የፋሽስት መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ባወጣው የዘር ሕግ ኢጣልያዊ ከሐበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከለከለ፤ እንዲህ ያደረገው ኖሮ ለማግባት እንዳይደርስ ብሎ እንጂ፣ ለአንድ ሌሊት የሚከፈለውን አልከለከለም። ለወታደሮቹ የተለየ ቤት አቁሞ፣ ሴቶቹን በሐኪም ያስመረምር ነበር። የሚመረመሩት ሴቶቹ ናቸው። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጠላት ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ በመንገዱም ላይ ያሉት ከተሞች ቀሩ፤ ቡና ቤት የሚባለውም ነገር ቀረ። ቡና ቤት ስሙ የቡና ይሁን እንጂ ቢራና ኮኛክ የሚሸጥበት፣ ሙዚቃ የሚዘፈንበት፣ ከኋላው መኝታ ያለው ቤት ነው። በጠላ ቤት ሴትየዋ የቤቱ ባለቤት ነበረች፤ በቡና ቤት ግን ተቀጣሪ ናት፤ ደመወዟም ብዙውን ጊዜ ምግብና አንዲት ክፍል ነው። ገንዘብ የምታገኘው እንግዳው ሲጋብዛት ነው። እርሷ በጠጣች ቁጥር ባለቤቱ ያተርፋል፤ ስለዚህ መጠጣት ሥራዋ ሆነ። ይህ ለውጥ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እኔ ግን ከሁሉ የከፋው ለውጥ ይህ ነው እላለሁ፤ ለራሷ ስትጠምቅ የኖረችው ሴት ለሌላ ሰው ጠጪ ሆናለችና።

በአዲስ አበባ የደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሌሊቱ የማይነጋበት ውቤ በረሃ፣ በ1950ዎቹ የታወቀው በዚህ ነው። የሰፈሩን ሕይወት ደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ሌቱም አይነጋልኝ በተባለው ልቦለዱ ጽፎታል፤ በዚያው ዘመን ነጋሽ ገብረ ማርያም እናኑ አጎናፍር በሚል የብዕር ስም ሴተኛ አዳሪ የተባለ መጽሐፍ አሳትሟል። ሕጉም ዝም አላለም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በገዛ ገላዋ የምትተዳደረውን ሴት ሳይሆን በሰው ገላ የሚነግደውን ይቀጣል ብሎ ደነገገ። ደንጋጊው ጥፋተኛውን በትክክል አይቶታል፤ የቡና ቤቱ ሥራ ግን እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ኋላ በጉዳዩ ላይ ምርምር ያደረጉት ላቀች ድራሴ የተባሉት ምሁር፣ በአዲስ አበባ ወደዚህ ኑሮ የሚገቡት ሴቶች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ በልጅነት ተድረው የተፈቱ፣ ሌላ ሥራ ያጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ያለው ታሪክ ራሱን ደገመ ማለት ነው።

ደርግ ሲመጣ የሰዓት እላፊ ታወጀ። በሌሊት መውጣት ስለ ተከለከለ ከመጠጥ ቤት በጊዜ ያልወጣ ሰው እዚያው ያድራል፤ ሳይፈልግ ያደረም፣ ፈልጎ ሰዓት እላፊውን ያመካኘም ብዙ ነው። ጦርነቱም በየግንባሩ ብዙ መቶ ሺህ ወጣት ከቤቱ አውጥቶ በየጦር ሰፈሩ አኖረ። ባሩዱ፣ መንገዱና መጠጡ እንዲህ ተዘጋጅተው ሳለ ነው እንግዲህ ያ ሌላው በሽታ የገባው።

ኤችአይቪ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው ከ1976 ዓ.ም. ተቀምጦ በቈየ ደም ላይ በተደረገ ምርመራ ነው፤ በኤድስ የታመሙ ሰዎች ደግሞ በ1978 ዓ.ም. በሐኪም ታወቁ። በ1980 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎቻችን በዋና ዋናዎቹ የንግድ መንገዶች ላይ ባሉ 23 ከተሞች 6234 ሴተኛ አዳሪዎችን መረመሩ። ከመቶው 17ቱ ቫይረሱ ተገኘባቸው። ልዩነቱ ደግሞ የሚያስደንቅ ነበረ፤ በምጽዋ ከመቶ 1 ብዙ አይበልጥም፤ በባሕር ዳር ግን ከመቶ 38 ደረሰ። በዚያው ዘመን ከረጅም መንገድ ከባድ መኪና ነጂዎች ከመቶው 13ቱ ተይዘው ተገኙ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ በተደረገ ጥናት ከተመረመሩት ሴተኛ አዳሪዎች ከዐሥሩ ሰባቱ ቫይረሱ ነበረባቸው። ይህን ቊጥር ስናገር ድምፄ እንደሚለወጥ አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

እኔ ያደግሁት በሞጆ ነው። ሞጆ ባቡሩም የጅቡቲው መኪናም የሐዋሳውም መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ከባድ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ይቆምባታል። ከቤታችን ማዶ አንድ ቡና ቤት ነበረ። በዚያ የምትሠራ አንዲት ሴት፣ እኛ ልጆቹ እትዬ እያልን የምንጠራት፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ብስኩት ትሰጠን ነበር። ከጊዜ በኋላ መክሳት ጀመረች። ሰዉ በሽታውን በስሙ ስለማይጠራ አመንምን ይለው ነበረ። ባለቤቷ ብርጭቆዋን ለይታ በክር አሰረችበት፤ ያ ቀይ ክር አሁንም ይታየኛል። ከጥቂት ወር በኋላ ወደ አገሯ ሄደች ተባለ፤ የቀበራት ማን እንደ ሆነ አላውቅም።

በዚያው ዓመት ከጎረቤታችን አንድ ሾፌር ሞተ። ደግ ሰው ነበረ፤ ከዚያ ቡና ቤት የማይታጣበት ሳምንት አልነበረም። ዕድሩ ድንኳን ጣለ፤ ሦስት ቀን ተለቀሰ፤ በሳንባ በሽታ ሞተ ተባለ። ሚስቱ ከቤቷ ወጥታ የማታውቅ ሴት ነበረች፤ በሁለተኛው ዓመት እርሷም በሳንባ በሽታ ሞተች ተባለ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ እውነቱን ያውቃል፤ ጥፋቱ ግን ብርጭቆዋ በክር በታሰረባት ላይ ቀረ። በኢጣልያ ዘመን የሚመረመሩት ሴቶቹ ብቻ ነበሩ ያልኋችሁን አስታውሱ። ሾፌሩ ለእርሷ አምጥቶላት ይሁን፣ እርሷ ለእርሱ ሰጥታው ይሁን የጠየቀ አልነበረም፤ ጥያቄው እንኳ በማንም አእምሮ አልመጣም።

መጠጥ ቤት ለዚህ በሽታ እንዴት ምቹ እንደ ሆነ ጥቂት ላስረዳ። መጠጥ ራሱ ቫይረስ አይወልድም። ሰው ሞቅ ሲለው ግን የነገውን አያስብም፤ ኮንዶም በኪሱ እያለ ይረሳዋል፤ ወይም አልፈልግም ብሎ ዋጋ ይጨምራል፤ እርሷም ከሰከረች አትከራከርም፤ ካልሰከረችም የቤት ኪራዩ ይከራከርላታል። በሁለተኛ ደረጃ ከርክርና ቂጥኝ የሚያመጡት ቁስል ለኤችአይቪ በር ይከፍታል፤ ስለዚህ የአያቶቻችን በሽታ ለልጆቻችን በሽታ መንገድ ጠራጊ ሆነ። ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ሰው በተያዘ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መያዙን ሳያውቅ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እጅግ ይበዛል። አንድ ሰው በዚያ ጊዜ ከአንድ በላይ ወዳጅ ካለው፣ ወዳጆቹም ሌላ ወዳጅ ካላቸው፣ በሽታው እንደ ሰደድ እሳት ይዛመታል። መጠጥ ቤት እንደዚህ ያሉ ሰዎች የሚተዋወቁበት ስፍራ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ ድህነቱ ይከፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ አንድ የናይሮቢ ጥናት እንዳሳየው፣ በድሆቹ ሰፈር ከሚሠሩት ሴቶች ከመቶው 66ቱ ሲያዙ፣ የተሻለ ገቢ ካላቸው ግን 31ዱ ነበሩ።

ምን ተደረገ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ማስፈራራት ነበረ፤ የራስ ቅልና መስቀለኛ አጥንት የተሳለበት ሰሌዳ። ይህ የታመመውን ይበልጥ አስደበቀው እንጂ ብዙ የጠቀመ አይመስለኝም። የተሻለው ሥራ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ሕይወት ትረስት የተባለው ኮንዶም በየኪዮስኩና በየመጠጥ ቤቱ በርካሽ ዋጋ ተሸጠ። በሬዲዮም ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የቀን ቅኝት የተባለው ድራማ በ257 ክፍል ተላለፈ። ማታ ማታ ጠላ ቤት ውስጥ ጠጪው ዝም ብሎ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ማየቴን አስታውሳለሁ፤ እኔም ወደዚህ ሥራ የገባሁት ምናልባት ከዚያ የተነሣ ነው። ታይላንድ ከእኛ የተለየ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1989 በራቻቡሪ ክፍለ ሀገር ተጀምሮ በኋላ በአገሩ ሁሉ በተስፋፋው ደንብ መሠረት፣ ኮንዶም የማይደረግበት ቤት ቢገኝ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው ተባለ፤ ኮንዶም የሚደረግበት ጊዜ ከመቶ 14 ተነሥቶ በጥቂት ዓመት ከ90 አለፈ። በዚያ አገር የሴቶቹ መብት ሁሉ ተከበረ ማለቴ አይደለም፤ ተጠያቂነቱን ወደ ባለቤቱ ማዞራቸው ግን የእኛ የ1949 ዓ.ም. ሕግ አስቦ ያላደረገው ነው።

በአገራችን የሰውን ሞት ያስቆመው መድኃኒቱ ነው። ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍያ መሰጠት ጀመረ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ፣ ቫይረሱም በደሙ ሊታይ እስከማይችል ድረስ የቀነሰለት ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላው እንደማያስተላልፍ ዛሬ በእርግጥ ታውቋል። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአዋቂው ሕዝብ ከመቶ 1.4 ተይዞ ነበር፤ በከተማ 5.5፣ በገጠር 0.7። በ2008 ዓ.ም. ጥናት በጠቅላላው ወደ 0.9 ወረደ። ይህን ሰምቶ ብዙ ሰው በሽታው ያለፈ መሰለው፤ ሰሌዳዎቹ ወረዱ፤ እኛም በዚህ ማይክሮፎን የምንናገረው አነሰ። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. በትልልቅ ከተሞች ሴተኛ አዳሪዎች ሲመረመሩ ከመቶው ወደ 19 የሚሆኑት ተይዘው ተገኙ። ከአምስት አንዷ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ ሞጆ ሄጄ ነበር። የዚያ ቡና ቤት ስፍራ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ከኋላው ባለው ቅያስ ግን ጣሳ ደፍተው ያቆሙ ሦስት ቤቶች አየሁ፤ ወደ አንዱ ገብቼ ተቀመጥሁ። ጠላ የቀዳችልኝ ሴት ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ሥራዬ ምን እንደ ሆነ ስነግራት ሳቀች፤ ከመደቡ ሥር ካለች ሣጥን የክሊኒክ ካርዷን አውጥታ አሳየችኝ። በየሦስት ወሩ የተመረመረችበት ቀን ተራ በተራ ተጽፏል።

«እኔስ ይኸውልዎ፣ ወንድሜ፤ አንድም ቀን አልቀረሁ» አለች፤ ከዚያም በአገጯ ወደ ግድግዳው ተደግፈው ወደሚጠጡት ሰዎች አመለከተችኝ። «የእነሱን ካርድ ያየ አለ?»

ከሰዎቹም አንዱ ጣሳውን አንሥቶ እንድትቀዳለት ጠራት፤ ካርዷን ወደ ሣጥኗ መልሳ ሄደች።